የመርከቧ መርዶ

ዴንቨር ኤርፖርት ዊልቸር ነው የምገፋው። ይሄን ስናገር ፊታቸው የሚጨማደድ ዘመዶች አሉኝ። ግድ የለም፣ ነገ ጉልበታቸው ሲከዳቸው እኔው ነኝ የምገፋቸው። በረዶው ሲገባ ዋነኞቹ ደንበኞቼ ክሩዝ የሚሄዱ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ውጪው ነጭ ሆኖ ሳለ እነሱ አበባ አበባ ያለበት ሸሚዝና ክፍት ጫማ አድርገው ይመጣሉ። ወገቤን ይላሉ፣ ጉልበቴን ይላሉ፣ ከቼክ ኢን እስከ ጌት አንድ እርምጃ አይራመዱም። ፍሎሪዳ ኤርፖርት የምትሠራ አንዲት የአገሬ ልጅ ግን እየደወለች ትስቅብኛለች። «ምን ዓይነት እጅ ነው የሰጠሽ? አንቺ የጫንሽው ሁሉ እዚህ ሲደርስ ተነስቶ ይሮጣል!» ትለኛለች። ወደ መርከቡ ነዋ የሚሮጡት፣ ቡፌው ሳይዘጋ።

አባቴ ይሄን ሳወራላቸው አይስቁም።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«የትም አይሄዱም አባባ። በመርከብ ዞረው ይመለሳሉ።»

«ወደ ተነሱበት?»

«ወደ ተነሱበት።»

«ታዲያ እዚያው ቁጭ አይሉም?»

አባቴ መርከበኛ ነበሩ። መርከበኛ ስል ነጭ ልብስ ለብሶ ሰላምታ የሚሰጠው ዓይነት አይደለም፣ ከመርከብ ሆድ ውስጥ፣ ከሞተሩ ክፍል፣ ዘይት ተለቅልቆ የሚወጣው ዓይነት ነው። ጢማቸው ገና ሳይበቅል ምጽዋ ላይ ከአንዲት ትልቅ የመንገደኛ መርከብ ተሳፈሩ። የአውሮፓን ሰው በሱዌዝና በቀይ ባሕር አድርጋ እስከ አውስትራሊያ የምታደርስ፣ እሳቸው እስከ ዛሬ «ወይዘሮዋ» እያሉ የሚጠሯት መርከብ ናት። እናቴን እንኳ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በስሟ ነበር የሚጠሯት። ማዕረጉ ለመርከቧ ነው የተሰጠው። እናቴ በዚህ ስትቀና ነው የሞተችው ብል ውሸት አይሆንም።

ከዚያ ሁሉ ውቅያኖስ በኋላ ታዲያ ዕጣቸው እኔ የምኖርባት፣ የዴንቨር ጎረቤት አውሮራ ሆነች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። የዴንቨር ሰው ከባሕር አንድ ማይል ከፍ ብያለሁ ብሎ ይኩራራል፣ የምክር ቤቱ፣ የካፒቶሉ ደረጃ ላይ ሳይቀር አስቀርጾታል። መጀመሪያ የወሰድኳቸው ቀን ጽሑፉን አስነበቡኝና ቁልቁል ወደ ከተማው አዩ። «ባሕሩ ምን አድርጓቸው ነው እዚህ ድረስ የሸሹት?» አሉኝ። ኑ እንሂድ አልኳቸው። መኪናው ፓርክ የተደረገበት ሰዓት እያለቀ ነበር።

ወይዘሮዋ በወጣትነቷ ሥራ ነበራት። ሰው ከዚህ ተነስቶ እዚያ መድረስ ሲፈልግ እሷን ነበር የሚጠብቀው። ከዚያ ጄት መጣ። በሳምንታት የሚኬደው መንገድ በአንድ ቀን ሲያልቅ ማን ባሕር ላይ ሲያስመልሰው ይከርማል? አባቴ በዚህ ነገር እኔንም ይወቅሱኛል። «አንቺ እንጀራሽን የምታገኚው ከገዳዮቿ ቤት ነው» ይሉኛል፣ እኔ ዊልቸር እየገፋሁ ነው እንግዲህ የገደልኳት። ከዚያ በኋላ የመጣባት መከራ የሴት መከራ ነው። ቀለም ቀቧትና ክሩዝ አደረጓት። ስታረጅባቸው ቁማር ቤት አደረጓት። ቁማሩም ሲከስር ወደብ ላይ አስረው ሆቴል ነሽ አሏት። ሆቴሉ ሲዘጋ አውሮፓ ውስጥ አንድ ወደብ ጥግ ላይ ጥለዋት ሄዱ። እዚያ ስትዝግ ብዙ ዘመን ኖረች።

እግዜር ይስጠው ዩቲዩብን። ወደቡ ላይ የተተከለ አንድ ካሜራ አለ፣ ቀን ከሌት ያሳያል። አባቴ ጠዋት ይነሱና ዳዊታቸውን ይደግማሉ፣ ከዚያ ሳሎኔ ያለውን ትልቁን ቴሌቪዥን ያስከፍቱኝና ወይዘሮዋን ቁጭ ብለው ያያሉ። ሌላው ሰው ዜና ያያል፣ ድራማ ያያል። እኛ ቤት የታሰረ መርከብ ነው የሚታየው። አንዳንዴ ወፍ ያርፍባታል። አንዳንዴ ዝናብ ይዘንባል። ልጄ ከኮሌጅ ስትመጣ ታያቸውና፣ «ግራንድፓ፣ ናቲንግ ኢዝ ሃፐኒንግ» ትላቸዋለች።

«ቆማለች እኮ» ይሏታል። «መቆም ቀላል መሰለሽ?»

የዛሬ ሁለት ዓመት እኔና ወንድሜ ብልጠት ብልጠት አለን። ወንድሜ ሴንቴኒያል ነው የሚኖረው፣ ኮምፒውተር ነው ሥራው፣ ለማንኛውም ችግር መፍትሔው ኦንላይን መግዛት ነው። «ለምን ክሩዝ አንወስዳቸውም? ናፍቆታቸው ይወጣላቸዋል» አለ። እውነት መሰለኝ፣ ሞኝ ነኝ። ቲኬቱን እሱ ቆረጠ፣ ነሐሴ ውስጥ። ነሐሴ ለእሱ ኦገስት ነው። ሻንጣችንን እየጎተትን ከፍሎሪዳው ወደብ ስንደርስ አባቴ ቀኑን በጣታቸው ቆጠሩና «ፍልሰታ እኮ ገባ» አሉ። ድንቄም ሽርሽር! በዓለም ላይ አለ የተባለ ሥጋና ወተት ሁሉ ተደርድሮ በሚጠብቅ መርከብ ላይ ጾም ይዘን ወጣን። እኔ ደግነቱ ለመንገድ ብዬ በሶ ይዤ ነበር። አባቴ ኮፍያ የደፋው ወጥ ቤት ሁሉ ቆሞ እያያቸው በሶ በጠበጡ። ወንድሜ ግን «መንገደኛ ይፈቀድለታል» ብሎ ሽሪምፕ ላይ ሰፈረ።

መርከቡስ? መርከብ ከተባለ። የገበያ አዳራሽ አለው፣ የውሃ ሸርተቴ አለው፣ በረዶ ላይ መንሸራተቻ ሳይቀር አለው። እኛ በረዶ ጠርገን ያንገሸገሸን ሰዎች እዚያ በረዶ ሊያዩ ተሰልፈው አየሁ። አንድ የሌለው ነገር ባሕር ነው። ባሕሩን ለማየት ምግብ ቤት፣ ሱቅና ማሳጅ ቤት አቋርጦ መሄድ ያስፈልጋል። አባቴ ሁለት ቀን የመርከቡን ፊት ሲፈልጉ ዋሉ። ሲያገኙትም ተናደዱ።

«ይሄ ፊት የለውም። ኮንዶሚኒየም ነው፣ ውሃ ላይ ያስቀመጡት ኮንዶሚኒየም።»

«ዘመናዊ ነው አባባ።»

«ስሚኝ ልጄ። ላይነር ማለት ቀጠሮ ያለው መርከብ ነው። ማዕበል ቢመጣ ሰንጥቆት ያልፋል፣ የሚጠብቀው ሰው አለዋ! ስለዚህ ፊቱን እንደ ቢላ ያሾሉለታል። ይሄኛው ማዕበል ካየ ይዞራል። ቢዞር ማን ቀረህ ይለዋል?»

ሞተር ክፍሉን አሳዩኝ ብለው ሠራተኞቹን ለመኑ። አንዱ ጨዋ ልጅ ለደኅንነት ሲባል አይፈቀድም አላቸውና በምትኩ የእግር ማሳጅ ጋበዛቸው። ሽማግሌ መርከበኛ ሞተር ልይ ሲል እግርህን ልሽህ! አባቴ ማታ ላይ እስከ መጨረሻው ፎቅ ወረዱ፣ እኔም ተከተልኳቸው። ከካቢኖቹ መሃል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ቆመው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ብዙ ቆዩ። «አይንቀጠቀጥም» አሉኝ። «ነፍስ ያለው መርከብ ይንቀጠቀጣል። እኛ እኮ ተኝተን ሳለን ሞተሩ ሲያስነጥስ በሕልማችን እናውቅ ነበር።» ያን ጊዜ ሳቄ ሁሉ ጠፋና አዘንኩላቸው። ክሩዙን የገዛንላቸው ለራሳችን እንደነበር የገባኝ እዚያ ኮሪደር ላይ ነው።

ወይዘሮዋን የሚወዱ ሌሎች ሽማግሌዎችም በዓለም ላይ ነበሩ። ማኅበር አላቸው፣ አባቴም አባል ናቸው፣ ኢሜይላቸውን እኔ ነኝ የማነብላቸው። እያንዳንዱን ብሎን በቃል የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፣ ግን በአንድ ነገር ተስማምተው አያውቁም። አንዱ ሙዚየም ትሁን ይላል፣ አንዱ ሆቴል፣ አንዱ ትምህርት ቤት። አንዱ እንደ ጥንቱ ሞተሯ ተነስቶ ትሂድ ይላል፣ እሱ እንኳ ሳይታመም አልቀረም። ስብሰባ፣ ደብዳቤ፣ ኩርፊያ፣ እንደገና ስብሰባ። እኔ የኛን የኮሚኒቲ ስብሰባ ስላየሁ መጨረሻው ገብቶኝ ነበር። እነሱ ሲጨቃጨቁ ባለቤቶቿ ለብረቷ ሸጧት። ዓለም አቀፍ ቆራሌው ማለት ነው። የኛው ቆራሌው እንኳ በር ላይ ቆሞ ይጣራል፣ ያስጠነቅቃል። አንድ ቀን ጠዋት ጎታች ጀልባዎች መጡና እስያ ወዳለ አንድ የአሸዋ ዳርቻ፣ መርከብ ወደሚታረድበት፣ ይዘዋት ሄዱ።

አባቴ ይሄን አላዩም። በዚያው ሳምንት ደረታቸውን ይዘው ወድቀው ሆስፒታል ነበሩ። ልባቸው ውስጥ የደም ሥር የምትከፍት ትንሽ ሽቦ ገባላቸው። እሳቸው አልጋ ላይ እንዳሉ ነው ሌላው ስልክ የመጣው፣ ከአዲስ አበባ፣ ከአክስቴ ልጅ። አክስቴ፣ የአባቴ አንድ እህት፣ በተኙበት አረፉ።

እንግዲህ እኛ ዘንድ ሞት እንደ ፈረንጅ በስልክ አይነገርም። መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሳይቀድ ይኬዳል፣ ሰውዬው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ዙሪያውን ይከበባል። እዚህ ድረስ እኔም እስማማለሁ፣ ደግ ወግ ነው። የኛ ሰው ችግሩ መርዶውን መንገሩ ላይ ሳይሆን መደበቁ ላይ ነው የሚራቀቀው። የወንድሜ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ኮሚቴ ተቀመጠ። የእድራችን ሊቀመንበር መጡ፣ ጡረታ የወጡ የሊሞ ሾፌር ናቸው፣ ሲናገሩ ጉሮሯቸውን ሳይጠርጉ አይጀምሩም። ከሰፈራችን አንዲት ነርስ መጣች፣ የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ፣ ልክ እኛን ልትለካ እንደመጣች ሁሉ። «እስኪያገግሙ አይነገራቸውም» ተባለ። የአክስቴም፣ የመርከቧም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ የውሸት ፋብሪካ ሆነ። አባቴ በየእሑዱ ነበር ከእህታቸው ጋር በስልክ የሚጫወቱት። እሑድ ሲመጣ ወንድሜ «ጠበል ገብተዋል፣ ስልክ አይፈቀድም» አላቸው። ቴሌቪዥኑን ሲያስከፍቱኝ ደግሞ «ካሜራው ለጥገና ወርዷል» በሉ ተባልን። ሁለተኛው እሑድ መጣ፣ ጠበል። ሦስተኛው መጣ፣ ጠበል።

«ኧረ ይቺ ልጅ!» አሉ አባቴ። ልጅ የሚሏት ሰባ የተሻገሩትን እህታቸውን ነው። «እስከ መቼ ነው የምትጠመቀው? ዓሣ ልትሆን ነው?»

ወንድሜ ሳቀ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ሳህን እንደገና አጠብኩ።

ያበገነኝ ሌላ ነገር አለ። አክስቴ አርባቸው እየደረሰ ነበር። አዲስ አበባ ተዝካር ሊወጣ ነው፣ አባቴ ደግሞ የቀሩ ብቸኛ ወንድም ናቸው። እዚህ ሆነው እንኳ ቢሆን ተቀምጠው ሊያለቅሱ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄደው የእህታቸውን ስም ሊያስጠሩ ይገባል። ወንድም ሆኖ የእህቱ አርባ ሳያውቅ ካለፈበት፣ ያ ሰው እኛን መቼም አይምረንም፣ ራሱንም አይምርም። ይሄን ተናገርኩ። ዶክተሩም ደህና ናቸው፣ እንደ ማንኛውም ሰው ይኑሩ ብሏል ብዬ ጮህኩ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፈረንጅ ልብ ነው የሚያውቀው፣ ሐዘን አያውቅም።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚነገራቸው? ሲሞቱ?»

እዚህ ላይ ነው ሊቀመንበሩ ያቺን ጉደኛ ሐሳብ ያመጡት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፣ እኛ ዘንድ ግን ገና ግንቦት ነበር። «ሁለት መርዶ ነው ያለን» አሉ፣ ሁለት በግ ያላቸው ይመስል። «ታዲያ ትንሿን እናስቀድም። የመርከቧን እናርዳቸው። ልባቸው ያንን ከቻለ፣ ዋናውን በሳምንቱ እንከትላለን።»

ነርሷ ፊቷ በራ። «በጣም ጥሩ! ስትረስ ቴስት፣ የልብ ጉልበት መፈተኛ ማለት ነው።»

ወይ ጉድ! ለመርከብ መርዶ! ያውም የልምምድ መርዶ! «እናንተ ሰዎች ታማችኋል እንዴ?» አልኩ። «አባቴ መኪና ናቸው ቴስት የሚደረጉት?» ወንድሜ እጄን ያዘኝ፣ አስለቀቅኩት። ሊቀመንበሩ ግን እድር የሚመሩበት መንገድ አላቸው። የምትቃወሙ እጃችሁን አውጡ አሉ። አወጣሁ፣ ብቻዬን። የተቀረው ለአባቴ ልብ ሲል ዝም አለ። ዝምታ ድጋፍ ነው ተብሎ ጸደቀ፣ ቅዳሜ ማለዳ ሆነ።

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ የእኔ አፓርትመንት ፓርኪንግ በቶዮታ ሞላ። ፊት ለፊቴ ያለው ጎረቤቴ፣ አንድ ደግ ፈረንጅ፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አየ። በዚህ ዘመን በጨለማ በር የሚያንኳኳ ብዙ ሰው ሲያይ ማን አይደነግጥ? ምስኪን፣ ውሻውን ይዞ ወጣ፣ ምንም እንዳልሆነ አስመስሎ። እኔን ከመሃላቸው ሲያይ «አር ዩ ኦኬ?» አለኝ። ደህና ነን፣ መርከብ ሞታብን ነው ልበለው? እጄን አወዛወዝኩለት። ወንዶቹ ሱፍ ለብሰዋል፣ ሴቶቹ ነጠላ ደርበዋል፣ ድፎ ዳቦ የያዘች አለች፣ ቴርሞስ የያዘች አለች። ለዝግጅቱስ ማን ብሎን! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ግን አንዳቸውም አላስታወሱም።

አባቴ ሹራባቸውን በፒጃማቸው ላይ ደርበው ከመኝታ ቤታቸው ወጡ። ዳዊታቸው በእጃቸው ነበር። ሳሎኑ ሙሉ ሰው ቆሟል። አንድ ሰው እንኳ እንደምን አደሩ አላለም። አባቴ ረጅም ዘመን የኖሩ ሰው ናቸው፣ ማለዳ ሳሎን ሞልቶ ዝም የሚል ሰው ምን ይዞ እንደመጣ ያውቃሉ። ቀስ ብለው ወንበሩን ያዙ፣ ተቀመጡ።

«እህቴ ናት?» አሉ።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። እውነቱን የምንናገርባት በር እሳቸው ራሳቸው ከፈቱልን። አፌን ከፈትኩ። ሊቀመንበሩ ግን የተለማመዱት ንግግር ሌላ ነበር፣ ደግሞም ፕሮግራም ተጥሶ አያውቅም እሳቸው ዘንድ።

«ኧረ! ኧረ በፍጹም! እህትዎ ደህና ናቸው። የመጣነው... ያቺ መርከብዎ... እንግዲህ ሁላችንም ሟቾች ነን...»

«መርከቧ?»

«አዎን። ሄደች። ለብረት።»

አባቴ አማተቡ። ዓይናቸውን ጨፍነው «ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!» አሉና ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «እናንተ ሰዎች! ገድላችሁኝ ነበር እኮ! እህቴን ነዋ ያሰብኩት!» ነርሷ ወዲያው ክንዳቸውን ይዛ ለካች። «ኖርማል!» አለች። ሳሎኑ ሁሉ ተነፈሰ። ሊቀመንበሩ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ፈተና ያለፈው የእሳቸው ልብ ይመስል።

አባቴ ስለ ወይዘሮዋ ጠየቁ። በማን እንደተሸጠች፣ ወዴት እንደተጎተተች። ያን የአሸዋ ዳርቻ ያውቁታል፣ በዚያ አልፈዋል። ባሕሩ ከፍ የሚልበትን ሰዓት ጠብቀው፣ ሞተር ያላትን በራሷ ጉልበት፣ የሌላትን ጎትተው፣ በደረቷ አሸዋው ላይ እንደሚያወጧት ነገሩን። ውሃው ሲሸሽ ሰዎች እሳት የሚተፋ መቁረጫ ይዘው ከፊቷ ጀምረው እንደሚቆርጧት ነገሩን። «ከፊቷ ነው የሚጀምሩት» አሉ ደግመው። ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ፣ በሹራባቸው እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ባሕር ላይ ብትቀር ይሻላት ነበር። ለማንም ሳትሄድ ስንት ዘመን ቆመች... ይሁን። ብረት ናት። እህቴን ካቆየልኝ፣ ብረቱን ይውሰደው።»

ሁሉም ጫማውን ያያል። በዚያች አንድ ምስጋና ላይ ዋናው መርዶ ሞተ። ለሳምንት ይከተላል የተባለውን አሁን ማን ደፍሮ ይከትለዋል?

«በሉ ዳቦውን ቁረሱ እንጂ!» አሉ አባቴ። ደስ ብሏቸዋል፣ ነፍሳቸው ተመልሳላቸዋል። «ስልኬን አምጪልኝ ልጄ። እህቴ ይሄን መስማት አለባት። ምጽዋ ልትሸኘኝ ወርዳ፣ ወይዘሮዋን ቀና ብላ አይታ ምን እንዳለች ታውቃላችሁ? ይሄን ሁሉ ብረት የተሸከመ ውሃ ወንድሜን አይጥለውም አለች። ከቤተሰቡ መርከቧን ያየቻት እሷ ብቻ ናት።»

«ጠበል ናቸው እኮ አባባ» አለ ወንድሜ።

«መርዶ ነው በላቸው! ለመርዶ ከጠበልም ይጠራል።»

ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር፣ ራሳቸው ደወሉ። እንደ ልማዳቸው ስፒከር ላይ አደረጉት። አዲስ አበባ መጥራት ጀመረ። ይጠራል፣ ይጠራል። አባቴ ፈገግ እንዳሉ፣ እስክታነሳ ድረስ እንግዶቻቸውን በዓይናቸው ዞር ዞር እያሉ ያዩ ነበር። ሊቀመንበሩን ከክራቫታቸው እስከ ጫማቸው አዩ። ነርሷን አዩ። ወንድሜን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ፣ ቀሚሴን። ፈገግታው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ሄደ።

«ለብረት ነው» አሉ፣ «ጥቁር የለበሳችሁት?»

ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ ሲሉ አባቴ እጃቸውን አነሱና አስቆሟቸው።

«አንቺ ንገሪኝ» አሉኝ።

«አርፈዋል አባባ።»

«መቼ?»

«እርስዎ ሆስፒታል እያሉ።»

እኔ የማየው ደረታቸውን ነበር፣ እዚያ እንዳለው ሰው ሁሉ። እሳቸው ግን የሚያሰሉት ሌላ ነገር ነበር።

«አርባዋ አልፏል?»

«አላለፈም። ሐሙስ ነው።»

«ነጠላዬን አምጪ።»

አመጣሁ። ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው፣ ለሐዘን አዘቅዝቀው ለበሱት። ነርሷ መለኪያዋን ይዛ ጠጋ ስትል በዓይናቸው ብቻ መለሷት። ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺስ፣ አልቅሰሽላታል?»

«አዎ።»

«የት?»

«መኪና ውስጥ። ኤርፖርት ፓርኪንግ።»

«ማን ነበር ካንቺ ጋር?»

«ማንም።»

ከጎናቸው ያለውን የሶፋ ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«ነይ ተቀመጪ» አሉኝ። «እኔ እጀምራለሁ።»